ባለአሥራ ስድስት ቀዳዳው ሳጥን

ቢላዋው የሽቦዋን ጫፍ ፋቅ ሲያደርጋት ከቀዩ ሥር ነጭ ብረት ብቅ አለ። ወጣቱ ባለሙያ ሽቦዋን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ ለግዥ ሠራተኛው አሳያቸው።

"ጋሼ፣ ይሄ መዳብ አይደለም። አሉሚኒየም ነው፤ መዳቡ ላዩ ላይ ተለብጦ ነው።"

ጋሼ ካርቶኑን አገላብጠው አዩት። "ካት 6" የሚለው የኔትወርክ ኬብል ደረጃ በትልቁ ታትሟል። ሦስት ፕሮፎርማ ተሰብስቧል፣ ዝቅተኛው ዋጋ አሸንፏል፣ ዕቃው በሞዴል 19 ገቢ ሆኗል። በወረቀት በኩል እንከን አይወጣለትም።

ቦታው ወልቂጤ ነው፤ ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ወደ 155 ኪሎ ሜትር። መሥሪያ ቤቱ የተከራየው የአንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ነው፤ ገና መግባቱ ስለሆነ አንዳንዱ ወንበር ከነላስቲኩ ነው። አሥራ አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ፕሪንተርና አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን አለው፤ አንዱ ከሌላው ጋር አይነጋገርም። ደብዳቤ ከክፍል ወደ ክፍል የሚሄደው በፍላሽ ነው፤ ቫይረሱም አብሮ ይሄዳል። ለማተም የፈለገ ሁሉ ፍላሹን ይዞ መዝገብ ቤት በር ላይ ይሰለፋል። ወጣቱ የተጠራው ይህን ሁሉ በአንድ ስዊች እንዲያገናኝ ነው።

እንዲህ ያለው ሥራ በአካባቢው በዛ ያለው ያለምክንያት አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወር የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ቢሮዎቹ ሁሉ አንድ ከተማ ላይ አልተከማቹም፤ ወልቂጤና ቡታጅራን ጨምሮ ለተለያዩ ከተሞች ተከፋፈሉ። ወልቂጤ የጉራጌ ዞን ዋና ከተማ እንደሆነች ስትቀጥል ቡታጅራ የአዲሱ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነች። ሁለቱን ከተሞች የጉራጌ ተራሮች ይለያዩአቸዋል፤ የቢሮዎቻቸው ችግር ግን አንድ ዓይነት ነው። ለመኖሪያ ወይም ለሱቅ ታስቦ የተሠራ ቤት ቢሮ ይሆናል፣ ኮምፒውተር ይገባል፣ ገመዱ ከዚያ በኋላ ይታሰባል። የግል ክሊኒኩም፣ የቁጠባና ብድር ማኅበሩም፣ አዲስ የተከፈተው ሆቴልም ከዚህ የተለየ ታሪክ የላቸውም።

ሠራተኛ አልጠፋም። ቡታጅራ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አላት፤ ከወልቂጤ ወጣ ብሎ ጉብሬ ላይ ደግሞ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ አለ። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች "ሃርድዌርና ኔትወርክ ሰርቪሲንግ" የሚባለውን ተምሮ ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምዘና ያለፈ ወጣት ስዊች መስቀል አያቅተውም። ሳጥኑን ግድግዳ ላይ መስቀል የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። የሚጎድለው ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ትክክለኛው ገመድ፣ የመብራቱ ነገር፣ ባለሙያው ሂሳቡን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ ቢሮው ውስጥ የሚቀረው ወረቀት። ብዙ ቢሮ ውስጥ "ኔትወርክ የለም" የሚባለው ስዊቹ ተበላሽቶ አይደለም። ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ ተረስቶ ነው።

ነጩ ብረት

ወደ ሽቦው ልመለስ፤ ብዙ ቢሮ የሚታለለው እዚህ ላይ ነውና።

አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ የመዳብን 60 በመቶ ግድም ነው። መዳብ የተለበጠው አሉሚኒየም ሽቦ ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ሲታይም ከመዳብ አይለይም። አጭር ርቀት ላይ ይሠራል፤ የሚያሳስተውም ይኸው ነው። ከስዊቹ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ደህና ሲሠራ ኮሪደሩ ጫፍ ያለው ክፍል ሲቆራረጥ ይውላል፣ ጥፋቱም ኮምፒውተሩ ላይ ይላከካል። አሉሚኒየም ቶሎ ይሰበራል፤ ጠረጴዛ ሲገፋ፣ ፅዳት ሲደረግ፣ ገመዱ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ ውስጡ ይበጠሳል፣ ላዩ ደህና ይመስላል። በገመዱ ለካሜራ ወይም ለዋይፋይ አንቴና ኃይል የሚላክ ከሆነ ደግሞ ይሞቃል። የኔትወርክ ኬብል ደረጃ የሚያወጡት ዓለም አቀፍ ሰነዶች ሽቦው መዳብ እንዲሆን ይጠይቃሉ። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ ምንም ይጻፍበት፣ ውስጡ አሉሚኒየም የሆነ "ካት 6" ካት 6 አይደለም።

ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ቢላዋ ይበቃል፤ ካርቶኑን ማንሳትም ያስታውቃል፣ የመዳቡ ከበድ ይላል።

ጥፋቱን ግዥ ሠራተኛው ላይ ለመጣል የሚቸኩል ሰው ይኖራል። እኔ አልስማማም። እሳቸው የተሰጣቸው ስፔሲፊኬሽን "ካት 6 ኬብል፣ 305 ሜትር፣ 1 ካርቶን" ይላል እንጂ "ሙሉ መዳብ" አይልም፤ ሕጉም ዝቅተኛውን ዋጋ ይወዳል። ሁለት ቃል ቢጨመርበት ኖሮ ርካሹ ዕቃ ገና ከፕሮፎርማው ይወድቅ ነበር። ደግነቱ ጉራጌ ከመርካቶ ነጋዴ ጋር መነጋገሪያ ቋንቋ አያጣም። አንድ ስልክ ተደወለ፣ ትንሽ ክርክር ተደረገ፣ የዋጋው ልዩነት ተስማሙበት፤ በማግሥቱ ሌላ ካርቶን በአውቶቡስ ተጭኖ መጣ። ወጣቱ ይሄኛውንም ፋቀው። ውስጡም ቀይ ነው።

ሳጥኑ የሚያውቀው

ስዊች ምን እንደሚሠራ ለማስረዳት ከጀፎረ የተሻለ ነገር አላገኘሁም። በጉራጌ መንደር መሀል የሚዘረጋውን ያን ሰፊ ሣር የለበሰ አደባባይ፣ ግራና ቀኙ በየአጥሩና በየበሩ የተሰለፉትን ጎጆዎች ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ከስዊች በፊት የነበረው ሀብ የሚባለው ዕቃ ጀፎረው መካከል ቆሞ እንደሚጣራ ሰው ነበር፤ ለአንድ ቤት የተላከውን ሁሉም ቤት ይሰማል፣ ሁለት ሰው እኩል ከጮኸ የሁለቱም አይሰማም፣ ሁለቱም ዝም ብለው እንደገና መጀመር አለባቸው። ስዊች ግን ማን በየትኛው በር እንደሚገባ ያወቀ መልእክተኛ ነው። የመጣውን መልእክት ይዞ ለባለቤቱ በር ብቻ ያደርሳል፤ በዚያው ቅጽበት ሌሎች ሁለት ቤቶች የራሳቸውን ወሬ ማውራት ይችላሉ።

የቤቱ ምልክት ማክ አድራሻ ይባላል። እያንዳንዱ የኔትወርክ ካርድ ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣ 48 ቢት ቁጥር ሲሆን በ12 ፊደልና አሃዝ ይጻፋል። ስዊቹ መብራት ሲያገኝ ማንንም አያውቅም። የመጀመሪያው ኮምፒውተር አንድ ነገር ሲልክ "ይህ ቁጥር በ3ኛው ቀዳዳ ነው" ብሎ ይመዘግባል። ተቀባዩን ካላወቀው ለጊዜው ለሁሉም ይልካል፤ መልስ ሲመጣ የመላሹንም ቦታ ይይዛል። እንዲህ እያለ በሰከንዶች ውስጥ ቢሮውን ሁሉ ያውቃል። አብዛኞቹ ስዊቾች ለአምስት ደቂቃ ድምፁ ያልተሰማውን ከመዝገባቸው ይሰርዛሉ፤ ስለዚህ ኮምፒውተር ከአንድ ጠረጴዛ ወደ ሌላ ቢዛወር ማንም ምንም ማስተካከል አይጠበቅበትም።

ኮምፒውተሮች እንዲህ የሚነጋገሩበት ሥርዓት የተጀመረው ከዚህ እጅግ ርቆ ነው። ሮበርት ሜትካፍ ኢተርኔት ያለውን ሐሳብ በዜሮክስ ኩባንያ የካሊፎርኒያ የምርምር ማዕከል ውስጥ በማስታወሻ ያሰፈረው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1973 ነው። ያኔ ሁሉም ኮምፒውተር በአንድ ወፍራም ገመድ ላይ ይንጠለጠል ነበር፤ ስዊች የሚባል ነገር አልነበረም። ካልፓና የተባለ ትንሽ ኩባንያ ሰባት ቀዳዳ ያለውን የመጀመሪያውን የኢተርኔት ስዊች ለገበያ ያቀረበው ከ17 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ሲስኮ እ.ኤ.አ. በ1994 ኩባንያውን ገዛው።

የሲስኮ ዕቃ ወደ ኢትዮጵያ ወረዳዎች በብዛት የገባው በወረዳኔት ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ መንግሥት የወረዳ አስተዳደሮችን በሳተላይትና በመሬት መስመር ለማገናኘት ትልቅ ገንዘብ አወጣ፤ በዚያው ሰሞን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ተሰቀለላቸው። ወረዳኔትን ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በቪዲዮ ስብሰባው ነው። ትልቁ ገመድ እስከ ወረዳው በር ደረሰ፤ ከበሩ ወዲህ ግን ፋይናንሱ ከመዝገብ ቤቱ፣ መዝገብ ቤቱ ከሰው ሀብት የሚገናኝበት ትንሹ ገመድ ያን ያህል አልታሰበበትም። ዛሬም ፋይበር ሕንፃው ድረስ ገብቶ ደብዳቤው ግን በፍላሽ የሚዞርበት ቢሮ አለ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ቅሬታ ላንሳ። "አዲስ ስዊች ገዛን፣ ኢንተርኔቱ ግን አልፈጠነም" ይባላል። አይፈጥንም። የኢንተርኔቱ ፍጥነት የሚወሰነው ከኢትዮ ቴሌኮም ወይም ከሌላ አቅራቢ በተገዛው መስመር ነው። ስዊቹ የሚያፋጥነው በቢሮው ውስጥ ያለውን ጉዞ ነው፤ ከኮምፒውተር ወደ ፕሪንተር፣ ከሂሳብ ክፍል ወደ ጋራ ፋይል ማስቀመጫ። ለዚያ አንድ ጊጋቢት ስዊች መግዛት ተገቢ ነው፤ ኢንተርኔት ያሻሽላል ብሎ መግዛት ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

ስምንቱ ቀለሞች

ወጣቱ ቀዳዳ ቆጠረ። ኮምፒውተር አሥራ አንድ፣ ፕሪንተር ሁለት፣ ፎቶ ኮፒ አንድ፣ ዋይፋይ አንድ፣ ከራውተሩ የሚመጣው አንድ። ድምሩ 16። የተገዛው ስዊች 16 ቀዳዳ አለው። ጋሼ "ልክ ገጠመ!" ብለው ደስ አላቸው፤ ልጁ ፊቱን አኮሳተረ። ልክ የገጠመ ስዊች ነገ አንድ ሠራተኛ ሲቀጠር ጎዶሎ ይሆናል። ያን ጊዜ አንዱ ከገበያ ባለአምስት ቀዳዳ ትንሽ ስዊች ገዝቶ ከጠረጴዛ ሥር ይጥላል፣ ሌላውም ይከተላል፣ በዓመቱ ማን ከማን እንደተገናኘ የሚያውቅ አይኖርም። ባለ24 መግዛት ነበረባቸው፤ በጀቱ ግን አልቋል። ፎቶ ኮፒው ለብቻው እንዲሠራ ተስማሙና አንድ ቀዳዳ ተረፈ።

ስዊቹ የት ይሰቀል? የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ጥግ ያለውን ቦታ አሳዩት፤ ቡና የሚፈላበት ነው። "እትዬ፣ እንፋሎቱና ጭሱ ይገድለዋል" አለና ኮሪደሩ መሀል፣ ከሰው ራስ ከፍ ብሎ፣ ፀሐይ የማይደርስበት ቦታ መረጠ። መሀል የመሆኑ ጥቅም ገመዶቹ ሁሉ አጭር መሆናቸው ነው፤ ከስዊች እስከ ኮምፒውተር ያለው ገመድ ከ100 ሜትር መብለጥ የለበትም፤ እዚህ ረጅሙ 40 እንኳ አይሞላም። በድሪል ግድግዳው ተበሳ፣ ፊሸር ገባ፣ ሳጥኑ በካቻቢቴ ተጠበቀ። ገመዶቹ በነጭ የፕላስቲክ ትራንኪንግ ተሸፍነው ሄዱ፤ ከመብራት ሽቦ ጋር በአንድ ትራንኪንግ ውስጥ አልገቡም። ይህን የሚያደርጉ ሞልተዋል፤ ትራንኪንግ ለመቆጠብ ሲባል የሚደረግ ስህተት ነው፤ የመብራቱ ሽቦ የኔትወርኩን ምልክት ይረብሻል፣ ሽፋኑ የተላጠ ቀን ደግሞ 220 ቮልት ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል።

ቀጥሎ ያለው ሥራ ትዕግሥት ይፈልጋል። የኬብሉ ልብስ ሲገፈፍ ሁለት ሁለት ሆነው የተገመዱ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች ይወጣሉ። የተለመደው አደራደር እንዲህ ነው፦ ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ። አረንጓዴው ከነጭ አረንጓዴው የራቀበትን ምክንያት ያልተረዳ ሰው ቀለሞቹን በጥንድ በጥንድ አሰልፎ ይጨምቃቸዋል፤ በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት እስከሆነ ድረስ ምን ችግር አለው ይላል። ትንሿ ቴስተርም ታታልለዋለች፤ ስምንቱም መብራት በተራ በተራ ይበራል።

ችግሩ ግን አለ። የኔትወርክ ምልክት የሚጓዘው በአንድ ሽቦ ሳይሆን በጥንድ ነው፤ ሁለቱ ሽቦዎች አንድ ላይ የተገመዱት አንዱ የሌላውን ረብሻ እንዲያጠፋለት ነው። መሣሪያዎቹ የመሰኪያውን 3ኛና 6ኛ ቦታ እንደ አንድ ጥንድ ይቆጥራሉ። እዚያ ላይ ከተለያየ ጥንድ የመጡ ሁለት ሽቦዎች ከገቡ ግምዱ ከንቱ ሆነ። አጭር ገመድ ላይ ላያስታውቅ ይችላል፤ ረዘም ሲል ፍጥነቱ ያሽቆለቁላል ወይም ይቆራረጣል። ከስምንቱ አራቱ ብቻ በትክክል ከያዙ ደግሞ ጊጋቢቱ ቀርቶ 100 ሜጋቢት ይሆናል። ብዙ ስዊች ላይ ይህ በመብራቱ ቀለም ይታወቃል፤ አንድ ቀዳዳ ከሌሎቹ የተለየ ቀለም ካበራ ጫፉን ቆርጦ እንደገና መጨመቅ ነው። አርጄ 45 የሚባለው የገመዱ መሰኪያ ርካሽ ነው።

ወጣቱ እያንዳንዱን ገመድ በሁለቱም ጫፍ በቁጥር ለጠፈበት። ጋሼ ይህን ሲያዩ ጊዜ ማባከን መሰላቸው። እኔ ግን ከቀኑ ሥራ ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

መብራት ሲሄድ

ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደ። ማንም አልደነገጠም፤ የለመዱት ነገር ነው። ኮምፒውተሮቹ ሥር ያሉት ዩፒኤሶች መጮህ ጀመሩ። ኮምፒውተሮቹ አልጠፉም፤ ኔትወርኩ ግን የለም። ለምን? ስዊቹና ራውተሩ የተሰኩት ተራ ዲቫይደር ላይ ነው።

ለአሥራ አንድ ኮምፒውተር ዩፒኤስ የገዛ መሥሪያ ቤት ለስዊቹ አለመግዛቱ በጀት አጥቶ አይደለም፤ አስታውሶ የጠየቀ ስለሌለ ነው። ኃይል ወደ ካሜራ የማይልክ ትንሽ ስዊች የሚበላው ከ5 እስከ 15 ዋት ቢሆን ነው፤ ከአንድ አምፖል አይበልጥም። አንድን ኮምፒውተር ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ ዩፒኤስ ስዊቹንና ራውተሩን ለረጅም ጊዜ ያቆያቸዋል። በዚያ ላይ ዕቃ የሚገድለው የመብራቱ መሄድ ሳይሆን አመጣጡ ነው፤ ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ እያለ ሲመለስ በቀጥታ የተሰካውን ያቃጥላል። በክረምት ነጎድጓድ ሲበዛ ይህ ይብሳል።

ስለ አዳፕተር አንድ ቃል። የራውተሩና የስዊቹ አዳፕተር ጫፍ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ቮልቱ ግን ሊለያይ ይችላል፣ አንዱ 12፣ ሌላው 9 ወይም 5። ፅዳት ሠራተኛ ነቅላ መልሳ ስትሰካ ቢቀያየሩ አንዱ ላይነሳ፣ ሌላው ሊቃጠል ይችላል። በአዳፕተሩ ራስ ላይ ወረቀት ለጥፎ "የስዊች" ብሎ መጻፍ ምንም ወጪ የለውም።

የመብራቱ ጣጣ ሶፍትዌሩም ውስጥ ይገባል። ፕሪንተር አድራሻውን ከራውተሩ በየጊዜው የሚቀበል ከሆነ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሌላ አድራሻ ሊደርሰው ይችላል፤ ኮምፒውተሮቹ ግን የድሮውን ይፈልጋሉ። "ፕሪንተሩ ጠፋ" የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው። መፍትሔው ለፕሪንተሩ የማይቀየር አድራሻ መስጠት ነው። የሚቀናበር ስዊች ከሆነ ደግሞ የባሰ ወጥመድ አለ። ሲስኮን በመሳሰሉ ስዊቾች አሁን እየሠራ ያለው ቅንብርና ሲነሳ የሚያነበው ቅንብር የተለያዩ ናቸው። ባለሙያው የፋይናንስን ክፍል ከእንግዶች ዋይፋይ ለይቶ፣ የይለፍ ቃሉን ቀይሮ፣ ሁሉም ሲሠራ አይቶ ሴቭ ሳያደርግ ቢሄድ፣ ያ ሁሉ ልፋት የሚቆየው መብራት እስኪሄድ ብቻ ነው። ወልቂጤ ውስጥ ያ ሩቅ አይደለም። በሙያው የቆየ ሰው ሥራውን ሲጨርስ ስዊቹን ራሱ ነቅሎ መልሶ ይሰካዋል፣ ከዚያ ሁሉንም እንደገና ይፈትሻል።

በሁለት ጫፍ የተሰካው ገመድ

ቡታጅራ መረጃን በሥርዓት መሰብሰብ የጀመረችው ከኮምፒውተር በፊት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ፋኩልቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመሆን እ.ኤ.አ. በ1986 እዚያ የጤና ጥናት ጣቢያ ከፈተ፤ በዘጠኝ የገጠርና በአንድ የከተማ ቀበሌ መዝጋቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ የተወለደውን፣ የሞተውን፣ የመጣውንና የሄደውን በወረቀት ይመዘግቡ ነበር። ዛሬ በከተማው የጤና ተቋማት ካርድ ክፍል፣ ላብራቶሪና ፋርማሲ በኮምፒውተር እንዲገናኙ ይፈለጋል። ስለዚህ ስዊቹ ለአንድ ሰዓት ቢቆም ሰልፉ በር ላይ ይታያል።

ከሁሉ የከፋው የስዊች መቆም ደግሞ የሚመጣው ከቅን ልብ ነው። አንድ ሠራተኛ መሬት ላይ የወደቀ የገመድ ጫፍ ያያል፤ "ተነቅሎ ነው" ብሎ ባዶ ቀዳዳ ፈልጎ ይሰካዋል። የገመዱ ሌላኛው ጫፍ ቀድሞውኑ እዚያው ስዊች ላይ ተሰክቷል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ለሁሉም የተላከ አንድ መልእክት በአንዱ ቀዳዳ ወጥቶ በሌላው ይገባል፣ እንደገና ይወጣል፤ የኢተርኔት መልእክት የጉዞ ገደብ ስለሌለው ማንም አያቆመውም። በሰከንዶች ውስጥ የስዊቹ መብራቶች ሁሉ አንድ ላይ እንደ እብድ ብልጭ ብልጭ ይላሉ፣ ከዚያ ምንም አይሠራም። ኢንተርኔቱ ጠፋ ተብሎ ለቴሌ ይደወላል። ቴሌ ምንም የለበትም።

ለዚህ መድኃኒቱን ያገኘችው ራዲያ ፐርልማን የተባለች አሜሪካዊት ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ዴክ በሚባለው ኩባንያ ውስጥ ስትሠራ የስዊች ቀዳሚ የሆኑት መሣሪያዎች እርስ በርስ ተነጋግረው ክቡን የሚሠራውን መንገድ ራሳቸው የሚዘጉበትን ሥርዓት ነደፈች። ዛሬ በአብዛኞቹ የሚቀናበሩ ስዊቾች ውስጥ አለ። በርካሾቹ ውስጥ ግን ብዙውን ጊዜ የለም። ርካሹን የገዛ ቢሮ ሌላ መድኃኒት አለው፤ ትርፍ ገመድ መሬት ላይ አለመተው፣ ባዶ ቀዳዳዎችን በፕላስተር መሸፈን፣ ችግሩ ሲመጣ ደግሞ ገመዶቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ መብራቶቹ የሚረጉበትን መጠበቅ። ገመዶቹ ቁጥር ካላቸው ይህ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

የዚህ ታናሽ ወንድም የሚሆነው የዋይፋይ ራውተሩ ጉዳይ ነው። አለቃ ቢሮ ዋይፋይ አይደርስም ይባልና ከሱቅ ሌላ ራውተር ይገዛል፤ ከስዊቹ የመጣው ገመድ ለውስጥ ኮምፒውተሮች ከተመደቡት፣ ብዙ ጊዜ ቢጫ ከሆኑት ቀዳዳዎች በአንዱ ይሰካል። አዲሱ ራውተር ራሱን የቢሮው ጌታ አድርጎ ይቆጥርና አድራሻ ማደል ይጀምራል። ጠዋት ኮምፒውተሮቹ ሲከፈቱ የአዲሱ መልስ ቀድሞ የደረሰው የአዲሱን፣ ሌላው የድሮውን አድራሻ ይቀበላል፤ ግማሹ ቢሮ ይሠራል፣ ግማሹ አይሠራም፣ በማግሥቱ ደግሞ ሌላው ግማሽ ነው። አስማት ይመስላል። መፍትሔው በአዲሱ ራውተር ውስጥ ዲኤችሲፒ የሚባለውን ማጥፋት ነው፤ አድራሻ የሚያድለው አንድ ብቻ ይሁን።

ወልቂጤ ላይ ሥራው ያለቀው በሁለተኛው ቀን ነው። የስዊቹ የፋብሪካ የይለፍ ቃል ተቀየረ፣ ፋይናንስ ከእንግዶቹ ዋይፋይ ተለየ፣ ሁለቱ ፕሪንተሮች ቋሚ አድራሻ አገኙ፣ አንድ ዩፒኤስ ከተጠባባቂ ኮምፒውተር ተወስዶ ለስዊቹና ለራውተሩ ተሰጠ። እትዬ ከወንበራቸው ሳይነሱ አንድ ደብዳቤ አተሙ። ልጁ አንድ ገጽ ጽፎ ከስዊቹ አጠገብ ለጠፈ፤ የትኛው ቁጥር የየትኛው ክፍል እንደሆነ፣ የፕሪንተሮቹ አድራሻ፣ ራውተሩ የገባበት ቀዳዳ፣ ቀኑ። የይለፍ ቃሉ እዚያ ላይ አልተጻፈም፤ በፖስታ ታሽጎ ኃላፊው ካዝና ውስጥ ገባ።

ይህን የምታነቡ የቢሮ ኃላፊዎችና የግዥ ሠራተኞች፣ የቀጣዩ ስዊች ስፔሲፊኬሽን ሲጻፍ "ሙሉ መዳብ" የሚለውን፣ ለስዊቹ የሚሆን ዩፒኤስንና ቢያንስ ከሚያስፈልገው በላይ አራት ቀዳዳን አስገቡበት። ባለሙያው ሥራ ጨረስኩ ሲላችሁ መብራቱን አጥፍታችሁ አብሩትና ሁሉም ተመልሶ እንደሠራ ተመልከቱ። ያ አንድ ገጽ ወረቀትና የታሸገው ፖስታ ሳይሰጣችሁ ክፍያውን አትፈርሙ።